ሰዓቱ የነበረበት ቦታ

ከሽምብጥ ነው የመጣው፣ ማክሰኞ ጧት፣
የካርድ ወረቀቱን በጥርሱ ነክሶ፣
ግራ ክንዱን በቀኙ
እንደ ታመመ ዶሮ ታቅፎ።
«እምቦጭ ነው» አለኝ ገና ሳይቀመጥ፤
«ዘመቻ ወጥተን
ሦስት ቀን ሙሉ ሐይቁ ውስጥ እስከ ወገብ ቆመን
ስንነቅል፣ ስንጎትት፣
እሱ ነው የነከሰኝ።»

ስሙን ጻፍኩ፦ ይርሳው።
እጅጌውን ሰበሰብኩ።
አንጓው ላይ ቀይ ነው፣ ያበጠ፣ ውሃ የቋጠረ፣
አራት ማዕዘን ከነጥጉ፣
በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል።
እምቦጭ እንዲህ ለክቶ አይነክስም።
እምቦጭ ዘለበት የለው።

ላስረዳው ፈለግሁ። ግን በየትኛው ቃል?
ትምህርት ቤት ያስያዙኝ ስም ፊደልና ቁጥር ነው፣
እንደ ባጃጅ ታርጋ፤
ለይርሳው ምን ያደርግለታል?
ታርጋውን ትቼ እንዲህ አልኩት፦

ከላይኛው ቆዳህ የምትወጣ አንዲት
ጠብታ መልእክት አለች፣ አንደበት የሌላት፤
አንደበት ባይኖራት መጣራት ታውቃለች፣
በደም ሥርህ ግድግዳ ጠረን ትለጥፋለች።
ነጩ የደም ሴልህ እየተንከባለለ
በዚያ ሲያልፍ ሸትቶት «ቆይ እስቲ» እያለ
ይቆማል፣ ይቀጥናል፣ በስንጥቅ ይሾልካል፣
ጠረን ወደ ጠናበት፣ ወደ ቆዳህ ያቀናል።

አሳ አጥማጅ ነው፤ ሳልጨርስ ገባው።
«ክረምት ሲገባ ነጭ አሳ
ጉማራን ሽቅብ እንደሚወጣው?
ማንም መንገድ ሳያሳየው፣ የድፍርሱን ሽታ ይዞ?»
አዎ፣ አልኩት፣ እንደዚያው።
ከደብተሬ ይሻል ነበር።

«ታዲያ ለደግ አይደል የሚመጡት?»
ለደግ ነው። እሾህ ሲወጋህ፣
መረብ ሲቆርጥህ፣ ቁስል ሊያመረቅዝ ሲል።
ሌላ ጊዜ ግን ሌባ ሳይኖር ኡኡታ ይነሳል፤
ሰፈሩ ዱላውን ይዞ ይወጣል፤
ሌባ ሲያጣ አጥር ይጥላል፣
የባለቤቱን ጎመን ረግጦ ይመለሳል።
ያንተም ማሳከክ ይኸው ነው።
ሌባ የተባለው የዘለበቱ ብረት ነው፤
አንዴ የለዩትን ደግሞ አይረሱም።
ሰዓቱ የታለ?

ከኪሱ አወጣው፣ በመሐረብ ጠቅልሎ።
ይሠራል። አምስት ደቂቃ ይቀድማል።
«የታናሼ ነው፣ የጫኔ። አስቀድሞ የሞላው እሱ ነው፤
እኔ አልነካሁትም።
ውሃ እንዳይገባበት ብሎ ቤት ትቶት ወጣ።
ጳጉሜን ነበር። ከክብራን ወዲህ ማዕበል ታንኳዋን ገለበጣት።
ተጣራ አሉ። ደጋግሞ ተጣራ አሉ።
እኔ ወፍጮ ቤት ነበርኩ፤
ሞተሩ ያጓራል፤
ዱቄቱን በእጄ እያየሁ ነበር፣ ልሟል አልላመም እያልኩ።»

ዝም አልኩ።
ለዚህ ፊደልም ቁጥርም አላስያዙኝም።

ቆይቶ ክንዱን አየ፣ የሰው ክንድ እንደሚያይ።
«እና ይቺ ያልሽኝ፣ አንደበት የሌላት፣
ዘለበት ነካኝ ብላ
አገር ምድሩን ትጠራለች?
እነሱም ይመጣሉ?»
ይመጣሉ።
«ሁሉም?»
የለመዱት ሁሉ።

ቅባት ጻፍኩለት፣ ጧትና ማታ፣ ስስ አድርገህ።
ሰዓቱን አታድርገው አልኩ።
ካልሆነም ዘለበቱን በጨርቅ ስፋው፣
ወይም ጠፍሩን በፕላስቲክ ቀይረው፣
ሠላሳ ብር አይሞላም፣ ገበያው በር ላይ አለ።
ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ማለቱ ይሁን እንጃ።
በሩ ላይ ደርሶ ዞረ፦
«ሌሊት ሲያሳክከኝ
አንድ የደረሰ አለ እላለሁ።»

ካርዱን ሞላሁ፦ የብረት አለርጂ፣ ግራ አንጓ።
የሚቀጥለው ወረፋ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች።
ስጠራት በመስኮቱ አየሁት፣
ከዋርካው ሥር ቆሞ
ሰዓቱን ቀኝ እጁ ላይ ሲያስር።

ቆዳ ግራና ቀኝ አያውቅም።
በሁለት ቀን፣ ቢበዛ በሦስት፣
እዚያም ይደርሱለታል።